የወስፌው ምርመራ

ሊያጩኝ የመጡት ሰዎች የራሳቸውን እግር ጭቃ ሳያራግፉ የእኛን እግር መርምረው ሄዱ።

የመጡት ከማክሰኝት፣ በእህል ማኪና ጭነት ላይ ተቀምጠው ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጥቂት ጥማድ በሬ ያለው ሁሉ ራሱን እንደ ደጃዝማች ይቆጥር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ዘራችንን አጣርተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ምሳ በልቶ ነገሩን ማሰር ብቻ ነበር። ሙሽራ ተብዬው አክስቱ ራሷን ካልነቀነቀች ራሱን የማይነቀንቅ ጎልማሳ ነው። አክስቲቱ ደግሞ የወንዶቹን ንግግር ሁሉ ከአፋቸው እየነጠቀች የምትጨርስ፣ ሰውን እንደ ባቄላ የምትለቅም ሴት ነበረች።

ታናሽ እኅቴ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ ይዟታል። ከሆስፒታል የሚሰጧትን መድኃኒት እንዳይሞቅ ወለቃ በተገዛ ገንቦ ውሃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ እናቴ መርፌውን ትቀቅላለች፤ እኅቴ ጭኗን ራሷ ትወጋለች። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜም ነበር፤ ያኔ ሰውነቷ ያልቃል፣ ውሃ ጠጥታ አትረካም። ውሎ አድሮ እግሬን በርበሬ እንደነካው ይለበልበኛል ማለት ጀመረች። ቀጥሎ መለብለቡም ጠፋ። ሐኪሙ፣ ስኳሩ የእግሯን ነርቭ ጎድቶታል፤ ብትቆስል አይሰማትምና በየቀኑ እግሯን እዩላት፣ ቤት ውስጥም ጫማ አታውልቅ አለን።

ጎረቤት ግን ከሐኪም ይበልጥ ያውቃል። አንዷ ማር ሰርቃ በልታ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ቡዳ በልቷት ነው ትላለች። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ የእኛን ጉንጭ ያልለቀለቀ አልነበረም።

የዚያን ቀን አባቴ ጫማዋን አስወለቃት። ልጅ ተጫምታ ትልቅ ሰው አታስታጥብም፣ ምን ይሉናል አለ። እናቴ የሐኪሙን ቃል ብታስታውሰው፣ ለአንድ ምሳ ምን ትሆናለች ብሎ ዝም አሰኛት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰውን ሁሉ ልክ ያውቃል። በሕይወቱ የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ምን ይሉኛል ነው።

ክረምት ስለነበር ለእንግዶቹ በማንደጃ ከሰል ተቀጣጥሎላቸዋል። እኅቴ የእጅ ውሃ ይዛ ዞረች። ከማንደጃው የወደቀ ፍም ነበር፤ በባዶ እግሯ ረገጠችው። እንደረገጠችው ቆማ ለሙሽራው አባት ውሃ ታፈሳለች። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ እሷም እንደ እኛው ከየት መጣ ብላ ዞር ዞር አለች። እኔ ነኝ ገፍቼ ያነሳኋት።

አክስቲቱ እናቴ ከጀመረችው ስፌት ላይ ወስፌውን መዝዛ ተነሳች። እኅቴን አስቀምጣ ዓይኗን አስጨፈነቻት፤ ያልተቃጠለውን እግሯን ያዘችና ወጋችው።

«አልተሰማሽም?» አለቻት።

«ምኑ?» አለች እኅቴ።

አክስቲቱ ወስፌውን ጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቁምጥና ነው አለች። ይተላለፋል ብላ ከሆነ ቀሚሷንስ ምን ልታደርገው ነው? እናቴ ስኳር ነው፣ ሐኪም ያየው ነው እያለች ብትለምን ሳቁባት። ሰው ስኳር ይበላል እንጂ ስኳር ሰው ሲበላ የት ታይቷል አሉ።

አሁንስ ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ተደላድለው ተቀመጡ፤ ምሳው ገና አልቀረበማ። አክስቲቱ ወደ አባቴ ዞረች።

«ትልቋ ሸጋ ናት፤ እንወስዳታለን። ይችን ግን ከሠርጉ በፊት ከቤት አውጧት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከድውያኑ ጋር ትቀመጥ፤ እግዜር አይጥላትም።»

እነሱ የጣሉትን እግዜር እንዲያነሳላቸው ነው።

አባቴን አየሁት። ጉሮሮውን ጠረገና፣ እስቲ እንመካከርበት አለ። በምኗ ነው የሚመካከረው? ልጁ እኮ ናት። ከማክሰኝት ከመጡት ሁሉ ይልቅ የናቅሁት እሱን ነው፤ ንቀቱም እስካሁን አልለቀቀኝም።

ወስፌውን ከመሬት አንስቼ ለአክስቲቱ ሰጠኋት። የምትወስዱት እኔን ከሆነ እኔንም ፈትሹኝ አልኳቸው። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አክስቲቱ ደስ አላት፤ ምርመራው ጥሟታል። ወስፌው ተረከዜ ውስጥ ሲገባ ሕመሙ እስከ ጥርሴ ወጣ።

«አልተሰማሽም?» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት።

ምሳ ሳይቀርብ ወጡ። እነዚያ ሰው መሳይ በሸንጎ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ተጋፉ፤ አንደኛው ዱላውን ረስቶ ሄደ፣ ሊወስደውም አልተመለሰም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ የላከብኝ የለም። እንኳንም አልላኩ።

አባቴ ሲሸኛቸው ቆይቶ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ቆመ። እውነት አልተሰማሽም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጫማዬን አንስቼ ወደ ጓዳ አመራሁ። እሱም አልቀረበኝም።

ጓዳ ስገባ እናቴ ለእኅቴ ቁስል ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳህን አቅርባ፣ ንጹሕ ጨርቅ ልትፈልግ ወጥታ ነበር። እኅቴ ተረከዜ ሲደማ አየች።

«አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«በጣም።»

«እንዴት እንዴት ያደርጋል? እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።»

ሳህኑን ወደ እኔ ሳበችና መጀመሪያ የእኔን እግር አጠበች።