ቤቱ ነገ ቢሄድ

እትዬ ብርቄ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዶርዜ ላይ ለቱሪስቶች ጥጥ እየፈተለች ታሳያለች። ለሚጠይቋት ራሷ ልመልስ ብላ በ2004 ዓ.ም. ከእኛ ከመንደሯ ሰዎች ጋር እንግሊዝኛ መማር ጀመረች። ቁጡ ናት፤ ያልገባትን ነገር ዝም ብላ አታልፍም።

አንድ ቀን ከአርባ ምንጭ የሚመጣው መምህራችን አሸናፊ፣ በእንግሊዝኛ «ነገ» የተባለ ሁሉ በእውነት ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ሊያስረዳን ፈለገ።

«‹ቤቴ ነገ ወደ ገበያ ቢሄድ› ብል፣ ይሄ ነገ በሐሳብ ብቻ ያለ ነው። ቤት አይሄድማ!» አለ።

«ለምን አይሄድም?» አለች ብርቄ ተቆጥታ። «የእኔን አምና ምስጥ ሲበላው፣ ጎረቤቶቼ ተሸክመው መንገድ ዳር አምጥተው አላስቀመጡትም?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እውነቷን ነው፤ እኛ የቀርከሃ ቤታችንን እንዳለ አንስተን ወደፈለግንበት እንወስዳለን።

አሸናፊም ከእኛ ጋር ሳቀ። «እሺ እትዬ፣ የማይሆነውን እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ» አላት።

የብርቄ ቁጣ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ባሌ ነገ ቢመጣ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቤቱን የድሮው ቦታ ሄዶ ይፈልገው ነበር።»