ባዶው ሚስማር

የማስተምርበት ማዕከል ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የሩዝ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ያለ ሰው እርዳታ መብላት፣ መራመድ ወይም መናገር የማይችሉ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። አንዳንዶቹ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። የመመገቢያ አዳራሹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ሲሆን ወለሉ ጣውላ ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት ውሃው እስከ ቤቱ ሥር ይመጣልና ነው። ወለሉን አስቀድሜ የማስረዳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስመጣ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ሥርዓት የሌለው ነገር ያመኛል። ወር ሳይሞላኝ ከመኝታ ክፍሎቹ እስከ አዳራሹ ውስጥ ድረስ ባለው ግድግዳ ላይ በእጅ በሚደረስበት ከፍታ ሚስማር መታሁና ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዕቃ ሰቀልሁለት። ለአንዱ የእንጨት ማንኪያ፣ ለአንዷ የክር ኳስ። ዕቃውን ዳስሶ ወይም አይቶ የራሱን ያገኝና ወደ ምሳ ያልፋል። ይህን ለሠራተኞቹ ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዳኋቸው።

ዘበኛው ሽማግሌ ከበሩ ቁመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ «መምህር፣ ለእኔስ ምን ልትሰቅልልኝ ነው?» አሉ።

«ለእርስዎ ዱላዎን።»

«ተመስገን! እኔኑ ልትሰቅለኝ ነው ብዬ ነበር።»

የመጨረሻው ሚስማር አዳራሹ ውስጥ ነበር። እሱ ላይ የላም ቃጭል ተሰቅሏል። የአንድ ከሐይቅ ዳር የመጣ ጎልማሳ ነው። እጆቹ አይታዘዙለትም፣ አይናገርም፤ ከአካሉ የሚያዘው አንድ እግሩን ብቻ ነበር። ያደገው ከከብት ጋር ነውና ወንድሙ ቃጭሉን ከላም አንገት ፈትቶ አመጣለት። በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሁኖ ከቃጭሉ ሥር ይውላል።

ሃያ ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ደግሞ አለች። አታይም፣ አትሰማም። በምሳ ሰዓት ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ትመጣና መጨረሻው ሚስማር ላይ ስትደርስ ቃጭሉን ትወዘውዛለች። ሰውዬው በእግሩ ጣውላውን ሁለት ጊዜ ይመታል። ምቱን በባዶ እግሯ ትቀበለዋለች። መዳፏን አናቱ ላይ ለአፍታ ታሳርፋለች፤ ከዚያ ወደ ማዕዷ ትሄዳለች። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም።

በነሐሴ ደረቱን ታመመና ገና ሰው ሳይነሣ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በዚያው ቀረ። የተቀበረው በትውልድ ደብሩ ነው፤ ከእኛም ሦስት ሰዎች ደርሰው ተመለሱ። እኔ ቤቱን በሥርዓት ልያዝ ብዬ ቀረሁ። ቃጭሉን አወረድሁ፣ በወረቀት ጠቀለልሁት፣ «ለቤተሰብ የሚመለስ» ብዬ ጻፍሁበትና ከመሳቢያዬ ቆለፍሁበት። ወንበሩንም መጋዘን አስገባሁ።

በማግሥቱ ልጅቱ መጣች። እጇ ባዶውን ሚስማር አገኘ። ዳሰሰችው፤ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ከዚያ መዳፏን ዝቅ አድርጋ የሰውዬው አናት ይሆንበት ከነበረው ከፍታ ላይ፣ አየር ላይ፣ አሳረፈችው። ጣቶቿ ክብ ሠርተው ቀሩ። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚደገፈው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ ቆሙ። ሁልጊዜ በሳቅና በጩኸት የሚሞላው ቤት ጸጥ አለ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆመች፤ ከዚያ ምግብ ሳትነካ በመጣችበት ግድግዳ ተመለሰች።

በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛውም። ማንኪያውን ወደ ከንፈሯ ስናስጠጋ ፊቷን ታዞራለች። ያ ወንበሩ ይቆምበት የነበረ ቦታም ባዶ ሁኖ ሳለ ማንም አይረግጠውም። በወንበር የሚሄዱት ዙረው ያልፋሉ፤ ጠራጊዋም መጥረጊያዋን ከዳሩ ትመልሳለች። አንድ ቀን እኔም ሳህን ይዤ ስዞረው ራሴን አገኘሁት። ወዲያው ተመልሼ መሐሉ ላይ ቆምሁ። ጣውላው ከሌላው ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር። ውሃው ከሥሩ ስለ ደረሰ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

«ለውጥ ነው የከበዳት» አልሁ ለሠራተኞቹ። «ሌላ ነገር እንስቀልላት፣ ትለምደዋለች።» ለስላሳ እንጨት ሰቀልሁ። ነቅላ ወረወረችው።

ሊያያት የመጣው ጤና ባለሙያ ክንዷን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። እስከ እሑድ እህል ካልቀመሰች ባሕር ዳር ሆስፒታል ወስደን በቱቦ መመገብ ሊኖርብን ነው አለ። ይህ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የማታውቀው አልጋ፣ ግድግዳ የሌለው ጨለማ፣ የማታውቀው እጅ።

ዘበኛው «ወንዛዬ ወስደን ፍል ውሃው ውስጥ ብንነክራትስ?» አሉ።

«እህል ያልቀመሰ ሰው ፍል ውሃ አይችልም» ብዬ ማስረዳት ስጀምር ከእግራችን ሥር ድምፅ መጣ። ዱብ፣ ዱብ። ሁለት ጊዜ። የምሳ ሰዓት ነበር። ልጅቱ ከሚስማሩ አጠገብ ቁማ ሳለ ጣቶቿ ያንን አየር ጥብቅ አደረጉት።

«ግንድ ነው» አልሁ። «ውሃው ያመጣው ግንድ ምሰሶውን እየገጨው ነው።»

«ግንዱ ሰዓት ያስራል እንዴ?» አሉ ዘበኛው። ግን አልሳቁም።

ልጅቱን የሚንከባከቡት አሮጊት ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ቤት ከማንም በፊት የገቡ ናቸው።

«መምህር፣ መርዶውን ማን ነገራት?»

«የምኑን መርዶ?»

«የሰውዬውን ነዋ! አንድ ሌሊት ተኝታ ነቃች፣ የለም። በቃ? ከብት እንኳ ጥጃው ሲሞትበት ያሸታል።»

«እማማ፣ አትሰማም አታይም፤ እንዴት አድርገን እንነግራታለን?»

«ማንኪያ አስይዘህ ምሳ ነው ትላት የለም? ፎጣ አስይዘህ ገላሽን ልትታጠቢ ነው ትላት የለም? ለምሳ ምልክት አለህ፣ ለሞት የለህም?»

ስንት ነገር ሳስረዳ ከርሜ ይህን አንዱን ዘልዬው ነበር። አይገባቸውም ብዬ አስቤ እንኳ አልነበረም፤ ጭራሽ አላሰብሁትም።

አሮጊቷ ቀጠሉ። «እዚህ ያመጧት እናቷ በሞቱ በወሩ ነበር። ያቀፋትን ሁሉ አንገቱን ትዳስሰው ነበር። ያኔ አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ። የነጠላችንን ጥለት ነበር የምትፈልገው። ተዘቅዝቆ እንደ ሆነ ልታውቅ።»

ለሐዘን ነጠላ ሲዘቀዘቅ ከታች የሚውለው ጥለት ወደ አንገት ይወጣል። ጥለቱ ደግሞ በጣት ይታወቃል።

ለወንድምየው ላክንበት። ዓርብ ማታ ጭቃውን አቋርጦ መጣ። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ነውና ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ልጅቱን ከመኝታዋ አንሥተን አዳራሹ ውስጥ፣ ከባዶው ሚስማር ሥር አስቀመጥናት። ሌሎቹንም አመጣናቸው። ውጭ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነበር፤ ሰማዩና መሬቱ አይለዩም። ከወለሉ ሥር ሲላወስ ይሰማናል።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ፊቷ ተቀመጡና እጇን ወስደው አንገታቸው ላይ አኖሩት። ጣቶቿ ጥለቱን አገኙ፤ ዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ወደ ዘበኛው አንገት ወሰዷት፤ እዚያም አገኘችው። የወጥ ቤት ሠራተኛችን የከተማ ነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም ናት፤ እሷ በሻርፗ ፈንታ እርጥብ ጉንጯን አስነካቻት። ለእኔ አሮጊቷ የራሳቸውን ትርፍ ነጠላ ደርበውልኝ ነበር። የልጅቱ ጣት አንገቴ ላይ ሲደርስ በረዶ ነበር።

ከዚያ ወንድምየው ማንም በማይረግጠው ቦታ ላይ ቁጢጥ አለ። መዳፏን አናቱ ላይ አሳረፈች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የአናታቸው ቅርጽ አንድ ነው። ፊቷ በራ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ተመለሰ ብላ ብታምንስ? ጆሮውን ዳሰሰች፣ ጢሙን ዳሰሰች። በእግሯ ጣውላውን ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ያኔ ቃጭሉን ምላሱን በጨርቅ አስረን እጇ ላይ አኖርነው። ወዘወዘችው። መዳፏ ላይ ሳይነዝር ዝም አለ።

ከእሷ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነበር፤ ከሩቅ ውሃ ላይ የሚመጣ ይመስላል። ከኋላ ሁልጊዜ የሚስቅ አንድ ልጅ ተቀበላት፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። አንዱ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር እያጋጨ፣ አንዷ አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ። መርዶ ያልተነገራት እሷ ብቻ አልነበረችም። ሁሉም ሲጠብቁ ነበር የከረሙት።

ፀሐይ ስትወጣ አሮጊቷ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ «እህል ቅመሺ» ብለው አጥሚት በከንፈሯ አስነኳት። ሦስት ጊዜ ፊቷን አዞረች። በአራተኛው ተጎነጨች። እሑድ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ባዶውን ሚስማር ነክታ ታልፋለች። ከወለሉ ሥርም ያ ድምፅ አልተሰማም። ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲሸሽ ዘበኛው ከአዳራሹ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡና ጭቃ በጭቃ ሁነው ወጡ። «መምህር» አሉ፣ «ግንድህ የለም። ጭራሮም የለ።»

ወንድምየው ቃጭሉን ለላሚቱ መልሶ አስሮላት ነበር። በኅዳር ከብቱ ወደ ሜዳው ሲመለስ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከአጥራችን ባሻገር ያለፈው ያ ቃጭል ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ዞር ብዬ አየኋት። ማንኪያዋን አስቀምጣለች። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። አሮጊቷ እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ፤ ያ የነሐሴ ጸጥታ ተመልሶ ቤቱን ሞላው።

ልጅቱ በእግሯ ጣውላውን ሁለት ጊዜ መታች። ከዚያ ማንኪያዋን በእጇ ፈልጋ አገኘችው።

«የከብቱ ኮቴ መሬቱን ስለሚያንቀጠቅጠው በምሰሶው በኩል...» ማለት ጀመርሁ።

«ዝም በል እስቲ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ትብላበት።»