እርሳስ በላሁ

የዚያን ዕለት ነፋሱ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። ከግቢው ጥግ እርሳስ የሚያቀልጠው ጎረቤት ጭሱ ወደ ቤቶቹ እንዳይዞር አሥር ጊዜ ይነሳል። ከአሮጌ ባትሪ ያወጣውን እርሳስ አቅልጦ ለዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስጠሚያ ይሠራል። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቱ እርጥብ ነገር ድስቱ ውስጥ ጠብ ካለ እንደሚፈነዳ ስለነገራት በአጠገቡ አታልፍም።

ሥራውን ሲጨርስ ሸሚዙንና ጫማውን ደጅ አውልቆ ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል። ከዚያ በፊት ትንሿ ልጁ ብትሮጥበት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ይሸሻታል።

«ምን ነካህ ወንድሜ? ልጅህ እኮ ናት፣ ፖሊስ አይደለችም!» ብላ ልብስ አጣቢዋ ቀልዳበት ነበር።

«ታላቋን ሳልታጠብ አቅፋት ነበር፣ እትዬ። የእርሳሱ መርዝ ገባባት፤ መጀመሪያ የጠፋባት ንግግሯ ነው» አላት። ታላቅ ልጅ እንደነበረችው ያወቀችው ያኔ ነው።

በዚያ ነፋሻ ቀን፣ እርሳሱ ቀልጦ ሳለ፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጣችና ከበሩ ላይ «አባዬ፣ እርሳስ በላሁ!» አለች። አባቷ እንዴት እንደደረሰ አይታወቅም፤ አፏን ፈልቅቆ ጣቱን አስገባ። ያወጣው የመጻፊያ እርሳሷ ስንጣሪ ነው።

ልብስ አጣቢዋ ከት ብላ ሳቀች። እሱ ግን ጣቶቹን አየ። አልታጠቡም ነበር። ሳቋን ትታ ውኃ አቀበለችው።

አሁን አባትየው እርሳስ ማቅለጡን ትቶ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። ልጅቱ ስታነብ አንድ ቃል ከተሳሳተች፣ እስክታርመው ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።