የገበያ ዕጣን

ልጅ እያለሁ ማሲንቆ የሚሸተኝ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሸተኝ ማሲንቆ ነበር። የፈረስ ጭራው በዕጣን ካልታሸ ማሲንቆ አይጮኽም፤ ደጋኑ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ታላቅ ወንድሜ ምትኩ የመጀመሪያ ማሲንቆውን በድብቅ ሲሠራ ቆዳውን ከጎረቤት ለመነ፣ ጭራውን ከሰው ፈረስ ነጨ፣ ዕጣኑን ግን ከአባታችን ከረጢት ወሰደ።

አባቴ የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ። በዚያች የቆዳ ከረጢት ያለው ለቅዳሴ የሚወስዱት ነው፤ እኛ ልጆች አንነካውም። አንድ ቀን ቀድሰው ሲመለሱ ከገብስ ገለባው ክምር ዕጣን ሸተታቸው። እጃቸውን ሰደው ማሲንቆውን አወጡ፤ ጭራውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «የመሠዊያ ዕጣን ለዘፈን» አሉ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እየፈጠፈጡ ሰባበሩት። ቀጥሎ አለንጋውን ከግድግዳ አወረዱ። የምትኩ ጀርባ እስኪተለተል ገረፉት። እናቴ በማርያም ስም ባትለምናቸው የሚያቆሙ አልመሰለኝም። ቁስሉን ቅቤ ስትቀባው እጁን ይዤለት ነበር። አላለቀሰም። ጣቶቹ ግን እጄ ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ይጫወት ነበር።

ቁስሉ ሲጠግግ ጠፋ። ፍላቂት ከተማ ገብቶ አያ ሞላ ከሚባሉ ሽማግሌ አዝማሪ ጋር ሆነ። በገበያ ቀን ከጠላ ቤት ጠላ ቤት እየተከተላቸው ተማረ። የሰከረ አተላውን በራሱ ላይ ይደፋበታል፤ ሙገሳው ያነሰበት በጥፊ ይለዋል። አንዱ በዋንጫ መትቶ የፊት ጥርሱን አወለቀው። አያ ሞላ ደሙን አስጉመጥምጠው፣ «ጥርስህ ይውለቅ ግድ የለም፤ ጣትህን ጠብቅ» አሉት።

ሌላም አስተምረውት ነበር። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪ ይቀበላል፤ የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያዜማል። ስለዚህ ዳስ ከመግባቱ በፊት ከደጅ ቆሞ ማን ከማን እንደተጣላ ይጠይቃል። አያ ሞላ ይህን ሳይጠይቁ አንድም ደጅ አልፈው አያውቁም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ምትኩ ለብቻው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ለሰርግ ነው፤ ሰርጉም የኛው ሰፈር። እኔ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር፤ አባቴ ከካህናቱ ጋር በዳሱ ላይኛው ወገን ነበሩ። ሲገባ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ምትኩ ከደጅ ቆሞ ማንንም አልጠየቀም። የሰው አገር ቢሆን ይጠይቅ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉን አውቃለሁ ብሎ ገባ። እሱ በሌለበት፣ በዳሱ የተቀመጠው የጎረቤታችን የጥጋቡ ወንድም በእርሻ ድንበር ጠብ ተገድሎ፣ ደሙ ገና በሽማግሌ ሳይደርቅ መቅረቱን አልሰማም።

ማሲንቆው ሲጮኽ ዳሱ ሞቀ። ያን ጊዜ ከሙሽራው ወገን አንድ የሰከረ ሰው ተነሥቶ «ተቀበል» አለና ወደ ምትኩ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ሰጠው። ወንድሜ በዚያ ጥርት ያለ ድምፁ ተቀበለ፦

የወንድሙን ገዳይ በገበያ አይቶ፣
ዳስ ገብቶ ይበላል እጁን ታጥቦ መጥቶ።

የሚበላው ሁሉ እጁ ከገበታው ላይ ቀረ። ምትኩ አልገባውም፤ ደግሞ አዜመው።

ጥጋቡ ከመደቡ ተነሣ። የመጀመሪያው ዱላ የማሲንቆውን አንገት ሰበረ። ሁለተኛው የወንድሜን የእጅ አንጓ አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ግጥሙን የሰጠውን ሰው የገዛ ወንድሞቹ ከበው ጩቤ መዘዙ። የጥጋቡም ዘመዶች ተነሡ። ገንቦ ተሰበረ፣ የዳሱ ምሰሶ ወደቀ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን በሆዳቸው ሸፍነው ተኙ። እናቴ ከላዬ ተኝታ ሳለች በክንዷ ሥር አየሁ። ምትኩ ተንበርክኮ የተሰበረ እጁን በጉያው አቅፏል፤ ሦስተኛው ዱላ በራሱ ላይ ተነሥቷል።

አባቴ መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ገቡ። ዱላው ከራሳቸው ላይ ወረደ። ጥምጣማቸው ቀላ፤ ደሙ በጺማቸው ወረደ። አልወደቁም።

«በያዝኩት መስቀል ገዝቻለሁ» አሉ። «ከእንግዲህ እጁን ያነሣ ከእኔ ይለይ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጥጋቡ ልጄ፣ ቃሉ የሱ አይደለም። አዝማሪ የሰጡትን ይቀበላል። ልጄን ተውልኝ።»

ልጄን ሲሉ ሁሉም ሰማ። ጥጋቡ ዱላውን ጥሎ ከእግራቸው ሥር ተደፋ።

«አባቴ ይፍቱኝ፤ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። በዚያ ቀን ሰው አልሞተም።

ወጌሻው የምትኩን አንጓ አሰረው። አጥንቱ ጠመም ብሎ ገጠመ፤ ይጫወትበት እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። የተሰበረውን ማሲንቆ አባቴ ራሳቸው በጠፍር ጠፍረው ጠገኑት። በመጪው የፍላቂት ገበያ፣ ራሳቸው ገና በሻሽ እንደታሰረ፣ በእግራቸው ሄደው ማታ ተመለሱ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ከምትኩ ፊት አስቀመጡ። ዕጣን ነበር።

«ይህ ያልተባረከ ነው። ከገበያ የገዛሁት ነው» አሉት። «የኔን አትንካ።»

ምትኩ በጠማማ እጁ ጭራውን አሸ። ለመጫወት ብዙ ወራት ፈጀበት፤ ተጫወተ ግን። አባቴ ሲጫወት ከደጅ ይቀመጡ ነበር፤ ገብተው ግን አያውቁም።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ። አባቴ ካረፉ ቆዩ። ምትኩ ላሊበላ ተቀምጦ ለእንግዳ ይጫወታል፤ ያ የተጠፈረ ማሲንቆ አርጅቶ እኔ ቤት ተሰቅሏል። ልጄ ዘፈን የሚሰማው ከስልኩ ነው፤ ስልኩ ተቀበል ቢሉት አይቀበል፣ ማንም አይደበድበው። ሰው ግን ከመጋደል አልቦዘነም። ጦርነቱ በመንደራችን ሲያልፍ መስቀል ይዞ በመካከል የሚገባ ሰው በዐይኔ ፈለግሁ። ዱላ የያዘ ሰው ፊቱ ይታያል፤ ጥይት የተኮሰው ግን አይታይም። ልጆቼን ስላተረፈልኝ ግን እግዚአብሔር ይመስገን፤ የወንድሜንም እጅ ስላተረፈ ይመስገን።

እሑድ ሳስቀድስ የዕጣኑ ጽና ሲወዛወዝ ዐይኔን እጨፍናለሁ። የተባረከው የትኛው፣ የገበያው የትኛው እንደሆነ አፍንጫዬ እስካሁን አልለየም።