ማስተንፈሻው ላይ የታሰረው ሽቦ

ሰፈሩ «አባ ጭሱ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቦይለር ሲያነድ የኖረ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል! ጡረታ ሲወጣ ግን ቤት ውስጥ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ድስት እየከፈተ «ጨው አንሶታል» ማለት ሲጀምር ሚስቱ መረራት። «በል ለእጅህ ሥራ ፈልግለት፤ ከጓዳዬ ውጣልኝ!» አለችው።

ያኔ ነው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ያቺን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ይዞ የመጣው። የጫማ ካርቶን የምታክል፣ የናስ ቦይለርና አንድ የብረት መዘውር ያላት፤ ዝገቷ ለጉድ ነው። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስጠጋ። መዘውሩን ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ ናሱን በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፣ እንፋሎት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ያረጀ ጎሚኒ ቀየረ። እየሠራም ያፏጫል። ሚስቱ ተመስገን አለች።

ጥላሸቱ ሲለቅ ማስተንፈሻው ብቅ አለ። እንፋሎት ሲበዛ በራሱ ተከፍቶ የሚያስወጣ ትንሽ ክዳን ነው፤ እሱ ካልሠራ ቦይለር ቦምብ ነው። ይሄኛውን ግን አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ፣ እንፋሎት እንዳይባክን ብሎ በሽቦ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። አባ ጭሱ ብሩሹን አስቀመጠ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ጠረጴዛው ጋ ሲቀመጥ ከኋላው ሰው ይቆምበታል። ዞር ሲል ማንም የለም። ማንቆርቆሪያው በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ከጩኸቱ ሥር የሚስቱ ወንድም ሳቅ ይሰማዋል። ያ ሳቂታ የሥራ ባልደረባው ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሆስፒታሉ ቦይለር ሲፈነዳ ከሁለት አጣቢ ሴቶች ጋር ሞተ። ማስተንፈሻው በሽቦ ታስሮ ተገኘ፤ ተረኛው እሱ ነበር። ቀልደኛ ስለሆነም ሰው ሁሉ «ድሮስ መቼ ቁም ነገር ያውቅ ነበር!» ብሎ አመነ፤ እናቱና እህቱም ጭምር።

አንድ ከሰዓት ሚስቱ ለሞተሯ ማንደጃ የሚሆን አልኮል ራሷ ገዝታ መጣች። «ምነው፣ አታስነሳትም እንዴ?» አለችና ሽቦውን አየችው። «ይኼ ደሞ ምንድን ነው?»

«ማስተንፈሻው ነው። አስረውታል።»

ፊቷ ጠቆረ። «እንደ ወንድሜ ጉድ! የሰው ልጅ አስፈጅቶ፣ እኛን አዋርዶ ሄደ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።»

አባ ጭሱ እንደለመደው ዝም ቢል ያልፍ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ የለ! ግን ከኋላው የቆመው አልሄድም አለ።

«እሱ አይደለም ያሰረው» አለ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት አንሶላው ተቆልሎ፣ እንፋሎቱ እየወጣ ኃይል አነሰኝና አሰርኩት። ከመውጣቴ በፊት ልፈታው ነበር፤ ረሳሁት። ሳልነግረው ፈረቃውን አስረከብኩት። በኋላ ሲጠይቁኝ ደግሞ ፈራሁ፤ አላውቅም አልኩ።»

ሚስቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህ በወደደ። እሷ ግን የአልኮሉን ጠርሙስ ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች።

«እናቴ ከሱ አጠገብ እንዳትቀብሩኝ ብላ ነው የሞተችው» አለች በመጨረሻ። «ጉድጓዱን ሌላ ቦታ ያስቆፈርከው አንተ ነህ።»