ታንኳ ላይ ቆሞ መሳለም

ባለፈው እሑድ አርብ ገበያ ከተማ ሠርግ ተጠርቼ፣ ዳሱ ውስጥ ከመሪጌታ ይትባረክ ጎን አስቀመጡኝ። ቅልጥሙን እየጋጠ የጣናን ታሪክ ለወጣቶቹ ጀመረላቸው። አንድ ሰካራም ባለታንኳ ሐይቁ ላይ ገልብጦን፣ እሱ ዋኝቶ የየኔታን ድጓ እንዴት እንዳዳነ። ዋኝቶ! ክረምት ላይ ጅረት ለመሻገር እንኳ ሰው ካልደገፈው የማይሆንለት ሰውዬ።

ያኔ ሁለታችንም ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ እንማር ነበር። እሱ የየኔታ የእህት ልጅ በመሆኑ ከለመንነው ቁራሽ ምርጥ ምርጡ የእሱ ነበር፤ ድምፁ ግን የተሰነጠቀ ገንቦ። የኔታ በእጃቸው የጻፉትን ድጓ ጣና ደሴት ካለው ጥንታዊ መጽሐፍ ጋር እንዲመሳከር ላኩን። ዓመታት የፈጀ የብራና ሥራ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። መጽሐፉ ያለበትን የቆዳ ማኅደር የተሸከምኩት እኔ፣ አለቃው እሱ።

ወሩ ጥቅምት ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ስንቃችን በሶ ነው። ይትባረክ ጠላ ያለበትን ቤት ሁሉ ሳይባርክ ስለማያልፍ ሐይቁ ዳር የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ባለታንኳው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

"ነገ በጠዋት ብትሻገሩ ይሻላል" አለ።

ይትባረክ ነገ ክብረ በዓል ነው ብሎ አስነሣው።

ውኃው ጸጥ ብሏል። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ከሥራችን ይረጥባል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ከመሸ በኋላ ጨረቃ ወጣችና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ታየ። ይትባረክ ብድግ አለ። እኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ከበቅሎው ያልወረደ ሰው፣ ሰው አይባልም።

"ተቀምጠው ይሳለሙ፣ ጌታዬ" አለ ባለታንኳው።

"ተቀምጬ? አረመኔ መሰልኩህ?"

ነጠላውን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። ከበቅሎ የሚወርድ ሰው መሬት ያገኛል፤ ከታንኳ ወርዶ የት እንደሚቆም ግን አላሰበም። ወረደ። እኛንም ይዞን ወረደ።

ባለታንኳው መጀመሪያ ይትባረክን በነጠላው ጎትቶ ታንኳውን አስያዘው። ከዚያ ዋኝቶ ሊሰጥም የደረሰውን ማኅደር ያዘ። እኔ የታንኳውን ጫፍ አቅፌ ከመንጠልጠል በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

ደሴቱ ላይ አበምኔቱ በፋኖስ ማኅደሩን ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ቀለም ፈስሷል።

"ማን ነው ይህን ያደረገ?"

"ይህ ሰካራም ነው፣ አባታችን። እኔ ባልደርስ ሁሉም ጠፍቶ ነበር" አለ ይትባረክ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

አበምኔቱ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው፣ ልጄ?"

ባለታንኳው ውኃ እያንጠባጠበ አየኝ። የኔታን አሰብሁ፣ ቁራሼን አሰብሁ፤ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። እንጀራው የደሴቱን እንግዳ ማሻገር የነበረውን ሰው፣ አበምኔቱ ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርስ አሉት። ታንኳውን ገፍቶ ሄደ።

ባለፈው እሑድ ዳሱ ውስጥ፣ ነርስ የሆነችው የሙሽራዋ እህት ስልኳን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩ አሉ። እውነት ነው?"

ይትባረክ ቅልጥሙን እንደያዘ ጠበቀ። ይህን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀው ኖሬአለሁ። ያኔ የኔታን ፈርቼ ነው እያልሁም ራሴን አጽናና ነበር። ዛሬ የኔታ የሉም፣ ቁራሽም አልለምን።

"እውነት ነው፣ ልጄ" አልኋት።

እሱስ ደጋግሞ ሲያወራው ሳያምነው አልቀረም። እኔ ግን የዚያን ሰው እርጥብ ፊት አሁንም አያለሁ፤ እያየሁም ራሴን እነቀንቃለሁ።