እንዝርት ይዘን የተማርንበት ክፍል

ዝናብ የነካው የበግ ፀጉር ሽታ አለው፤ የሸተተው አይረሳውም። ባለፈው ቅዳሜ መሐል ሜዳ ገበያ ካፊያ ሲጥል ያ ሽታ መጣና ሽንኩርት መግዛቴን ትቼ ቆምኩ። ያ የከሰዓት ክፍላችን ትዝ አለኝ።

ያኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ አቋርጬ ቤት የምውል ልጅ ነበርኩ። እኔንና እንደኔ ያቋረጡትን ሥራ አጦች፣ አንድ ሸምገል ያሉ አስተማሪ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና በነፃ ሊያዘጋጁን ተነሡ። እናቴ ስትሰማ፣ "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አሉ። አባትሽ የሚለብሰውን ባና ፈትል ማን ሊጨርሰው ነው? እየፈተልሽ ስሚያቸው" አለች።

የሌሎቹም እናቶች እንደዚያው ሳይሉ አልቀሩም፤ ሴቶቹ ሁላችንም እንዝርትና የተነደፈ ፀጉር ይዘን መጣን። አስተማሪው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩንና፣ "እንግዲህ ፈትሉም ትምህርቱም ካልተበጠሰ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ። በመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ብናኙ እየታየ፣ እንዝርቱ እየሾረ ክፍልፋይ ተማርን። የምናሳርፈው ስንጽፍ ብቻ ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ከዓረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ናት። ታናናሾቿ የሚያዩት የእሷን እጅ ነው። በሂሳብ የሚደርስባት አልነበረም፤ እኔ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እሷ እየፈተለች መልሱን ትነግረኛለች። "ካለፍሽ ታናናሾችሽን እኔ እይዝልሻለሁ ብሎኛል አጎቴ" አለችኝ አንድ ቀን። "ከወደቅኩ ግን ተመልሼ መሄዴ ነው።"

የፈተናው ቀን እንደ ልማዳችን እንዝርታችንን ይዘን ሄድን። ፈታኙ በር ላይ ሰበሰቡት። "ይኼ ደግሞ ምንድነው? ከእርሳስና ከላጲስ በቀር አይገባም" ሲሉ ሳቅን። ወረቀቱ ሲታደል ግን እጄ ባዶ፣ ጭንቅላቴም ባዶ ሆነ። ያወቅነውን ሁሉ ያወቅነው እየፈተልን ነበራ። ሳላስበው የነጠላዬን ጫፍ ቋጭ ማክረር ጀመርኩ፤ ቀስ እያለ ትምህርቱ ተመለሰልኝ። ቀና ስል ጓደኛዬ ከፊቴ ነበረች። የለበሰችው ሹራብ ነው፣ ቋጭ የለውም። ጣቶቿ ከጠረጴዛው ሥር ባዶውን ያፍተለትላሉ። ደወሉ ሲደወል ወረቀቷ እንደ ነጣ ተሰበሰበ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ስፈትን፣ እስክሪብቶ እያሽከረከረ የሚያስብ ተማሪ ሳይ አልቆጣም።

እኔ አለፍኩ። እሷ መስቀል ሳይደርስ ሄደች። ዘጠነኛ እየተማርኩ ሳለ ደወለችልኝ፤ ከጀርባዋ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። ስለ ጤናዬ እንኳ በቅጡ ሳትጠይቀኝ፣ "ያ ፈተናው ላይ የነበረው የገብስ ጥያቄ፣ ሁለት አምስተኛው የተሸጠው፣ መልሱ ምን ነበር?" አለች።

ነገርኳት።

"አውቀው ነበር እኮ።"

"ታውቂው ነበር" አልኳት።

"በይ፣ ማዳም እየጠራችኝ ነው" ብላ ስልኩን ዘጋችው።